ያልተሰጠ ሰላምታ

የታሪክ መጻሕፍት የ1960ዎቹን ትውልድ ሲያነሡ ስለ ድርጅቶች፣ ስለ መሪዎችና ስለ ሟቾች ይተርካሉ። ስለ ባልንጀሮች መለያየት ግን እምብዛም አይናገሩም። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለዚያ ነው፤ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ያደጉ ሁለት ልጆች፣ በሦስት ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም የማይባባሉ እንዴት ሊሆኑ እንደቻሉ። ከሁለቱ አንደኛው እኔ ነኝ። (ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

አብሮ አደጌ ነበር። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ እናቶቻችን የጽዋ ማኅበርተኞች ነበሩ። ከቤተ መጻሕፍት አንድ ልብ ወለድ ከተዋስን እሱ በቀን፣ እኔ በሌሊት እያነበብን በሦስተኛው ቀን እንመልሳለን። ከዚያ ወዲያ ለሳምንት ያህል በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንደ ጎረቤት እናማቸዋለን።

በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ወታደራዊው መንግሥት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ካኪ ለብሰን አብረን ፎቶግራፍ ተነሣን። አንድ ጣቢያ እንዲያደርገን ተስለን ነበር፤ ስለታችን ግን አልሠመረም። እኔ ወደ ሲዳሞ፣ እሱ ወደ ጎጃም ክፍለ ሀገር ተመደብን።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው እርሻ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ። አዋጁ አንድ ነበር፤ የወረደባቸው አገሮች ግን ሁለት ነበሩ። በደቡብ ብዙ ገበሬ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሌላ ሰው መሬት እያረሰ የሚገብር ጭሰኛ ነበርና፣ አዋጁ ሲነበብ ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኛም የገበሬ ማኅበር እናደራጃለን ስንል ከባለመሬቱና ከአካባቢው ሹም ጋር ተፋጠጥን። የጎጃም ገበሬ ግን ባለ ርስት ነው፤ መሬቱን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰ ነው። በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ በመንግሥት ላይ ያመፀ ሕዝብ በመሆኑም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ያጠራጥረዋል።

ይህን ልዩነት ያኔ ልብ አላልነውም። ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር። በመጀመሪያ የምንጽፈው ስለ ቁንጫው፣ ስለ ጭቃው፣ ፊደል ስለምናስቆጥራቸው ሰዎች ነበር። ኋላ ግን “ንዑስ ከበርቴ”፣ “አድኃሪ”፣ “አድርባይ” የሚሉ ቃላት ገቡበት። የእጅ ጽሑፉ የእሱ ነው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር። የእኔም ደብዳቤ እንደዚያው እንደነበር አልጠራጠርም።

ቃላቱ ከየት እንደመጡ ዛሬ ግልጽ ነው። መኢሶን በ1960 በሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 በበርሊን ከተማ በስደት የተመሠረቱ ድርጅቶች ናቸው። ከ1966 ጀምሮ አንደኛው “የሰፊው ሕዝብ ድምፅ” በተባለ፣ ሌላኛው “ዴሞክራሲያ” በተባለ ልሳን ይናገሩ ነበር። ሁለቱም ማርክሳውያን፣ ሁለቱም ሶሻሊዝምን የሚሹ ነበሩ። የተለያዩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለደርግ ሒሳዊ ድጋፍ ይሰጠው ወይስ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ? ከእኛ ማን ከየትኛው እንደወገነ አልናገርም። ስሞቹን ብናለዋውጣቸው ይህ ታሪክ አይለወጥም።

በ1968 ሁለታችንም ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። በመጀመሪያው ምሽት እንደ ዱሯችን ወክ ወጣን። “ሲዳሞ ምን አየህ?” አላለኝም፤ “ጎጃም እንዴት ነው?” አላልሁትም። እኔ የጭሰኛውን እንባ፣ እሱ የባለ ርስቱን ጥርጣሬ በየልባችን ይዘን ስለ ሌኒን ተከራከርን። ያየነውን ትተን ያነበብነውን ተጣላንበት። በሦስተኛው ሳምንት ክርክሩም ቀረ፤ እሱ ወደ ጥናት ክበቡ፣ እኔም ወደ ጥናት ክበቤ።

በ1969 ቃላቱ ወደ ጥይት ተለወጡ። በከተማው ግድያ ተጀመረ፤ ደርግ “ቀይ ሽብር” አወጀ፤ ቀበሌዎች መሣሪያ ታጠቁ። በመጋቢት ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። በነሐሴ ደግሞ መኢሶን ራሱ ከደርግ ጋር ተቆራርጦ ኅቡዕ ገባ፤ አባላቱም ይታደኑ ጀመር። አሳዳጅና ተሳዳጅ በአንድ መቃብር የተገናኙበት ዓመት ነበር።

ከአሰሳው በኋላ አንድ ቀን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስወጣ እሱ ቁልቁል ይመጣል። በአምስት እርምጃ ርቀት ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አንገቱን ወደ ሱቆቹ አዞረ፤ እኔም ወደ አስፋልቱ። ተላለፍን።

ለብዙ ዓመታት ንቆኝ ነው ብዬ ተቀየምሁት። ኋላ ከእስር የተረፉ ሰዎችን ሳነጋግር ግን ሌላ ነገር ተማርሁ። በምርመራ ክፍል ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ “ማንን ታውቃለህ?” የሚል ነበር። በዚያ ወራት ሰላምታ ማስረጃ ነበር፤ ሰላምታን መንፈግም የባልንጀራን ሕይወት ማትረፊያ ሊሆን ይችል ነበር። የእሱ ዝምታ የትኛው እንደነበር አላውቅም። የእኔን ግን አውቀዋለሁ፤ ፈርቼ ነው።

እሱ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ገባ። በ1998 እናቱ ሲያርፉ ለለቅሶ መጣ። በሁለተኛው ሌሊት፣ በድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲሳሳ፣ ሳልጠይቀው ስለ ጎጃም ነገረኝ። አዋጁን ያነበበላቸው አንድ ሽማግሌ “ልጄ፣ ሳርሰው የኖርሁትን መሬት አንተ ልትሰጠኝ መጣህ?” ብለውት ነበር። እኔም ስለ ሲዳሞ ሽማግሌዎች እንባ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

“ይህን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ...” አልሁት።

“አልጠየቅኸኝማ” አለኝ።

እውነቱን ነው። ስለ ቸርችል ጎዳናውም ያን ሌሊት ልጠይቀው አስቤ ነበር። ቡና መጣ፤ ሰዎች ገቡ፤ በማግሥቱም ተሳፈረ። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።