ዝናብ በሚበዛበት አገር የፀሐይ መነጽር ምን ይሠራል?

መቱ ላይ ዝናብ ሲያባራ የሚሆነውን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደመናው ድንገት ይከፈታል፣ ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ እርጥቡ አስፋልት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ባጃጅ ነጂው ዓይኑን ያጠባል። ከገበያ የምትመለሰው እናት ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ትስባለች። በዚያችው ሰዓት መንገድ ዳር መነጽር ደርድሮ የሚሸጠው ወጣት አንድ ቃል ይጣራል፦ «ፖላራይዝድ ነው! ፖላራይዝድ!»

ቃሉ ዋጋ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ግን ሻጩም ገዢውም «ደህና አድርጎ የጠቆረ» ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም። ፖላራይዝድ መሆን፣ ጥቁር መሆንና ከፀሐይ ጎጂ ጨረር መከላከል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስቱን አንድ አድርጎ ማየት ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዴም ዓይን ያስከፍላል። ነገሩን ለመለየት ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ጥላና ውሃ

ኢሉባቦር የጥላ አገር ነው። ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የያዮን ጫካ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበውም ይህ የዱር ቡና ስላለበት ነው። በእንዲህ ያለ ጫካ ውስጥ የሚውል ሰው የፀሐይ መነጽር አያስፈልገውም ነበር። ቅጠሉ መነጽሩ ነው።

አገሩ የውሃም አገር ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ሶር፣ ገባና ሌሎቹም ወንዞች ቁልቁል ወርደው ወደ ባሮ ይገባሉ። የአካባቢው የንግድ ታሪክም በዚህ ውሃ ላይ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ተፈቀደ። ጋምቤላ ተቆረቆረች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ሸቀጥ ያራግፉ፣ ቡና ይጭኑ ነበር። ከደጋው እስከ ወንዙ ድረስ ቡናውን የሚያወርዱት በቅሎና ሸክም ነበሩ። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ በዚህ ንግድ ደመቀች። እ.ኤ.አ. በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው የኢትዮጵያ መንግሥት ለጥቂት ወራት የቆየባት ከተማም እርሷ ናት።

በዚያ ዘመን በባሮ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ቀትር ላይ ውሃው ዓይኑን ሲወጋው ያውቅ ነበር። ሰማዩን ሳያይ፣ ከታች የሚመጣ ብርሃን ያሳውረዋል። ያ ከውሃ ላይ የሚነሳ ነጸብራቅ ነው የፖላራይዝድ መነጽር ታሪክ መነሻ።

ከፓሪስ መስኮት እስከ ኪኒን

እ.ኤ.አ. በ1808 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ፓሪስ ውስጥ በቤቱ ሆኖ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚንጸባረቀውን የምሽት ፀሐይ በአንድ ብርሃን በሚከፍል ማዕድን አሳልፎ ተመለከተ። ማዕድኑን ሲያዞረው ነጸብራቁ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ከመስታወት የተመለሰ ብርሃን ከቀጥታው የፀሐይ ብርሃን የተለየ ጠባይ እንዳለው ያን ጊዜ ታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲጓዝ እንደሚርገበገብ ገመድ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ወደላይና ወደታች፣ ወደግራና ወደቀኝ፣ በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። በውሃ፣ በእርጥብ አስፋልት ወይም በመስታወት ላይ አርፎ ሲመለስ ግን አብዛኛው ወደ ጎን ብቻ ይርገበገባል። አሁን ገመዱ በቆሙ የአጥር እንጨቶች መካከል አልፎ ተዘርግቷል እንበል። ወደላይና ወደታች ሲርገበገብ ያልፋል፤ ወደ ጎን ሲርገበገብ እንጨቱ ይይዘዋል። ፖላራይዝድ መነጽር ያ አጥር ነው። ነጸብራቁን ይዞ ያስቀርና የቀረውን ያሳልፋል።

አጥሩን መሥራት ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። ማዕድኑ ውድና ትንሽ ስለነበረ መነጽር አይሆንም። መፍትሔው የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው፤ ከወባ መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ1852 በእንግሊዝ የብሪስቶል ከተማ ሐኪም የነበረው ዊሊያም ሄራፓዝ ኪኒን በበላ ውሻ ሽንት ላይ አዮዲን ጠብ ሲደረግ የተፈጠሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ክሪስታሎችን አጠና። ክሪስታሎቹ ብርሃንን እንደ አጥሩ ይለያሉ። ከደጋው ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርድ ነጋዴና ወታደር ለወባ የሚውጠው ያው መድኃኒት መሆኑ ነው። ዛሬ በአማርኛ ለማንኛውም እንክብል የሚነገረው «ኪኒን» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ መድኃኒት ስም ነው።

ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ኤድዊን ላንድ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት የሃርቫርድ ትምህርቱን አቋርጦ በነዚህ ክሪስታሎች ላይ ተቀመጠ። አንድ ትልቅ ክሪስታል ከማሳደግ ይልቅ እልፍ ጥቃቅኖቹን በአንድ አቅጣጫ አሰልፎ በላስቲክ ውስጥ አጣበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1930ዎቹ አጋማሽ መነጽሩ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1937 ፖላሮይድ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ጥቂት ቆይቶ ላንድ ክሪስታሎቹን ትቶ አዮዲን በጠጣ የተለጠጠ ስስ ፕላስቲክ ተካቸው። ዛሬም በአብዛኛው ፖላራይዝድ መነጽር ውስጥ ያለው የዚያ ዓይነቱ ስስ ሽፋን ነው።

ለኢሉባቦር ሰው ሌላም የቅርብ ምስክር አለ፤ ንብ። በየዛፉ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ማር ቆራጭ ንቧ ከቀፎዋ ርቃ ሄዳ እንደማትጠፋ ያውቃል። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ኦስትሪያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ምክንያቱን አገኘ፤ ንብ ፀሐይዋ በደመና ብትሸፈን እንኳ ከሚታየው ሰማያዊ ሰማይ የብርሃኑን አቅጣጫ አንብባ መንገዷን ታውቃለች። የሰው ልጅ ሊቃውንቱን አሰልፎ የደረሰበትን ንብ በዓይኗ ይዛው ተወልዳለች።

የጎልፍ ተጫዋቾች ክርክር

መነጽሩ በዓለም ገበያ ከተስፋፋ በኋላ «ፖላራይዝድ ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚል እምነት አብሮ ተስፋፋ። ይህን እምነት አጥብቀው ከጠየቁት መካከል የጎልፍ ተጫዋቾች ይገኛሉ። ጎልፍ ለኢትዮጵያ ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ባለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለ። በጥምዝ ዱላ ሩር እየመቱ ገና የሚጫወት ሰውም የጨዋታውን ሥራ ከሩቅ ያውቀዋል።

ጎልፍ ተጫዋች ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ከመስደዱ በፊት ሣሩን ያነብባል። ሣሩ ወደ እርሱ የተኛ ከሆነ ጠቆር ይላል፤ ከእርሱ ርቆ የተኛ ከሆነ ያብረቀርቃል። ኳሷ የምትፈጥነውም የምትዘገየውም፣ የምትታጠፈውም በዚያ ነው። ፖላራይዝድ መነጽር ደግሞ ያንን ብልጭታ ያጠፋዋል። ስለዚህ ብዙ ተጫዋቾች ፖላራይዝድ ያልሆነ፣ ነገር ግን ልዩነትን አጉልቶ የሚያሳይ ቡናማ ወይም ጽጌረዳማ ቀለም ይመርጣሉ። ርቀት መገመት አስቸገረን የሚሉም አሉ። ሌሎች ደግሞ በሜዳው መካከል ያለው ኩሬ ሲያንጸባርቅ ዓይናቸውን ስለሚያደክም ፖላራይዝዱን አይለቁትም።

ትምህርቱ ለጎልፍ ብቻ አይደለም። ነጸብራቅ አንዳንዴ ጠላት ነው፣ አንዳንዴ ወሬ ነጋሪ ነው። መነጽር የሚመረጠው በዋጋው ከፍታ ሳይሆን ዓይን በሚሠራው ሥራ ነው።

ወደ መቱ ሲመለስ

በዚህ ሚዛን ሲታይ ፖላራይዝድ መነጽር ከጎልፍ ሜዳ ይልቅ ለኢሉባቦር መንገድ የተሠራ ይመስላል። ከበደሌ በያዮ አድርጎ ወደ መቱና ጎሬ የሚነዳ ሾፌር ከዝናብ በኋላ ፊቱ የሚጠብቀው እርጥብ አስፋልትና የመኪና መስታወት ነው። ሁለቱም ወደ ጎን የሚርገበገብ ብርሃን ይመልሳሉ። ጉድጓዱን፣ ከብቱን፣ እግረኛውን የሚሸፍነው ያ ብርሃን ነው። በቡና ማሳ ውስጥም የሚያብረቀርቀው ቅጠል ጋብ ይልና የቅጠሉ እውነተኛ ቀለም ይታያል። የፍሬውን መቅላት ለይቶ ለመልቀም ግን ቀለም የማይለውጥ ግራጫ መስታወት ይሻላል።

ወሰንም አለው። አዲስ የቆርቆሮ ጣራ ዓይን ሲወጋ ፖላራይዝዱ ብዙ አይረዳም፤ ብረት የሚመልሰው ብርሃን እንደ ውሃው ተለይቶ አይመጣምና። የስልክ ስክሪን በአንዳንድ አያያዝ ጨልሞ ይታያል። ሲመሽ፣ ጉም ሲወርድ፣ ሌሊት ሲነዳ ደግሞ ማንኛውም ጥቁር መነጽር አደጋ ነው። ቅንጡም ርካሹም አንድ ናቸው።

ሻጩ «ፖላራይዝድ» ሲል ማረጋገጡ ቀላል ነው። መነጽሩን በስልክ ስክሪን ፊት ይዞ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ፖላራይዝድ ከሆነ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ አንድ ቦታ ሲደርስ ስክሪኑ ይጨልማል ወይም ቀለሙ ይለወጣል። ወይም በእርጥብ መንገድ ላይ ነጸብራቁን በአንዱ መስታወት እያዩ ማዞር፤ ብልጭታው ካልተለወጠ የተከፈለው ለቃሉ ነው።

የማይታየው

ይህ ፈተና የማይነግረው አንድ ነገር አለ፤ ዋናውም እርሱ ነው። ዓይንን በዓመታት የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር አይታይም። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይበረታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል ይላል። መቱም ጎሬም ደጋና ወይና ደጋ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ «እዚህ ዝናብ እንጂ ፀሐይ የለም» የሚለው አባባል ለዓይን አይሠራም።

ጨረሩን የሚያግደው በመስታወቱ ውስጥ ያለው መከላከያ እንጂ ጥቁረቱ አይደለም። እንዲያውም ጥቁር ሆኖ መከላከያ የሌለው መነጽር ከነጭራሹ ካለመልበስ ሊብስ ይችላል፤ በጨለማው ምክንያት የዓይን ብሌን ይከፈትና ጨረሩ በሰፊው ይገባል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታየው «ዩቪ 400» የሚለው ነው። ምልክቱ ሊለጠፍ ስለሚችል መነጽር ቤት በመሣሪያ ማስለካት ከተቻለ ይመረጣል። ቀጥሎ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥምና ከጎን ብርሃን የማያስገባ መሆኑ ይታያል። ፖላራይዝድ መሆኑ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ለልጅ የሚገዛ መጫወቻ ጥቁር መነጽር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሌላ የሚያሳስብ ልማድ ደግሞ አለ። በየከተማው አንድ ሽማግሌ «ብርሃን አስቸገረኝ» ሲሉ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ጥቁር መነጽር ገዝቶ ያመጣላቸዋል። ፍቅር ነው፣ አክብሮት ነው። ነገር ግን ብርሃን ዓይንን መውጋቱ የዓይን ሞራ መጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነበር። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ጥገና የሚታከም፣ ብርሃን የሚመለስበት ሕመም ነው። በፈጣን ወንዞች ዳር በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርኪያሲስም በአካባቢው የኖረ በሽታ ነው፤ መከላከያው በየመንደሩ የሚታደለው መድኃኒት እንጂ መነጽር አይደለም።

መነጽሩ በእነዚህ ላይ ሲደረብ ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። አባት ዓመት ሁለት ዓመት በጥቁር መስታወት ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ቤተሰቡም «ፀሐይ ነው» እያለ ይጽናናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠፋው ሊመለስ ይችል የነበረ ዓይን፣ ብቻ የመሄድ ነፃነት፣ የልጅ ልጅ ፊት ነው።

ስለዚህ መቱ ላይ ዝናቡ አባርቶ ሻጩ «ፖላራይዝድ ነው!» ሲል ሾፌሩ ቆም ብሎ ስልኩን ያውጣና ይሞክረው፤ እውነት ከሆነ ለመንገዱ ይጠቅመዋል። ለአባቱ ሊገዛ የመጣው ግን መነጽሩን ከመምረጡ በፊት አባቱን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰድ። መነጽሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።