ከኪልቱ በላይ የሚለበሰው ኮት

ኪልት ስለሚባለው የስኮትላንዳውያን ወንዶች ሽንሽን ጉርድ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ቀለማቸውን የጨረሱት ከወገብ በታች ባለው ሽንሽን ላይ ነው። ጥንታዊ ነው ወይስ የትናንት ፈጠራ፣ ያገሬው ሰው ያበጀው ነው ወይስ እንግሊዛዊ ያመጣው እየተባለ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላባራም። ከወገብ በላይ ያለውን ኮት ግን እንደ ማሟያ አይተው ያልፉታል። እኔ ግን የዚህን አለባበስ ታሪክ አብጠርጥሮ የሚናገረው ኮቱ ይመስለኛል። ወታደሩ፣ ባለርስቱና የእራት ግብዣ ታዳሚው በየተራ የየራሳቸውን ምልክት ጥለውበታል፤ ቁልፉ፣ ኮሌታው፣ የእጅጌው ጫፍ ተለዋውጧል። በዚህ ሁሉ መሀል ያልተነቃነቀው አጭርነቱ ነው። ዛሬም ከኪልት ጋር የሚሄድ ደህና ኮት ፈልጎ የሚያጣ ሰው የሚቸገረው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ጌጡ በየሱቁ ሞልቷል፣ የጠፋው ቅዱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሃይላንድ የሚባለው የስኮትላንድ ደጋ ሰው የሚለብሰው ዛሬ የምናውቀውን ኪልት ሳይሆን አንድ ትልቅ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ጨርቁን ሸንሽኖ ወገቡ ላይ በቀበቶ ያስረዋል፤ የታችኛው ግማሽ ወደ ጉልበት ይወርዳል፣ የላይኛው ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ሲዘንብ ካባ ሲመሽ ብርድ ልብስ ይሆናል። ጆን ማይክል ራይት በ1683 አካባቢ የሳለውን የሎርድ መንጎ መሪን ምስል ያየ ሰው ገንዘቡ የት እንደፈሰሰ አይጠፋውም። ወጣቱ ባላባት ለአደን ለብሶ ቆሟል፤ ታርታን የሚባለው ባለ መስመር የሱፍ ጨርቁ ያማረ ነው፣ ዓይን የሚይዘው ግን እጅጌው እየተሰነጠቀ የውስጡ ሸሚዝ እንዲታይ የተደረገው ያጌጠ አጭር ኮት ነው። በመንግሥት ሥራ ኢንቨርነስ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድመንድ በርትም፣ በ1754 በታተሙት ደብዳቤዎቹ ተራውን የደጋ ሰው ልብስ ሲዘረዝር አጭሩን ኮት አልረሳም። መኳንንቱም ተራውም ሰው ኮታቸውን ያሳጠሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያን ያህል ሱፍ በቀበቶ በተጠፈነገበት ወገብ ላይ ረጅም ኮት ከሥርም ሆነ ከላይ መቀመጫ የለውም።

በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የላይኛው ግማሽ ተቆርጦ ቀረና ከወገብ በታች ብቻ የሚታሰረው ትንሹ ኪልት ተለመደ። ብሪታንያዊው የታሪክ ሊቅ ሂው ትሬቨር-ሮፐር በ1983 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ይህን ልብስ ያበጀው በደጋው በኢንቨርጋሪ ብረት ያስቀልጥ የነበረው የላንካሻየሩ እንግሊዛዊ ቶማስ ሮሊንሰን ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሌሎች ደግሞ ከዚያ በፊት ይለበስ ነበር ይላሉ። ከዚህ ተነስቶ “አለባበሱ ራሱ ፈጠራ ከሆነ፣ ትክክለኛ ኮት ብሎ ነገር ከየት ይመጣል?” የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የልብስን ዕድሜ ከልብስ አሠራር ጋር ያምታታል። የላይኛውን ጨርቅ ማንም ይቁረጠው ማን፣ ከተቆረጠ በኋላ ደረትና ጀርባ የሚሸፍነው ኮቱ ብቻ ነው። በጨርቅ እጥፋት ይደበቅ የነበረ የስፌት ጉድለት አደባባይ ወጣ። ኮቱ ለራሱ መቆም የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ የከሎደን ጦርነት መጣ። በሚያዝያ 1746 ያቆባውያኑ፣ ማለትም ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ቤት ሊመልሱ ያመጹት፣ ከተሸነፉ በኋላ የወጣው ሕግ፣ ከነሐሴ 1747 ጀምሮ ወንዶች የደጋውን ልብስ እንዳይለብሱ ከለከለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፣ የደገመ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ እስከ 1782 ሲጸና የተፈቀደላቸው የንጉሡ ወታደሮች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የኪልት ኮት አንድ ትውልድ ሙሉ ያደገው በጦር ሠራዊቱ ልብስ ሰፊዎች እጅ ነው ማለት ይቻላል። የእኔም ዋና ማስረጃ እዚህ ላይ ነው። በ1750ዎቹ መጀመሪያ ሠዓሊው ዴቪድ ሞሪየር የሳላቸውን ወታደሮች ስናይ፣ የተራው እግረኛ ቀይ ኮት ወደ ጉልበት ሲወርድ የደጋው ክፍለ ጦር ቀይ ጃኬት አጭር ነው። ለደጋው ባህል ምንም ፍቅር ያልነበረው፣ እንዲያውም ሊያጠፋው የተነሳ መንግሥት፣ ኪልት ላስለበሰው ወታደር ኮቱን ማሳጠር ግድ ሆነበት። ስሜት ቢሆን ኖሮ ይህን አያደርግም ነበር። በ1850ዎቹ አጋማሽ ሠራዊቱ የኮቱን ፋሽን ሲለውጥም፣ ለደጋው ጦር ከወገቡ አራት ክንፍ የሚወርድለት ኮት ለብቻው ተቀደደለት፤ ክንፉ ከሽንሽኑ ጋር እንዲወዛወዝ እንጂ እንዲጫነው አይደለም። የዛሬው የሠርግ ኮት የትከሻ ማሰሪያና በረድፍ የተደረደረ ነጭ ብረት ቁልፍ የሚያዘወትረው ከዚህ ወርሶ ነው።

ክልከላው ከተነሳ በኋላ ሲቪሉ ሰው ወደ ልብሱ ሲመለስ የመጣው በክብረ በዓል በር ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዳው ድግስ ኤድንብራን ሲጎበኝ፣ የደጋ ልብሱና ጌጡ ከነመሣሪያው 1,354 ፓውንድ ፈጅቷል። ልብሱ የንጉሥ ሆነ፤ ለዕለት ልብስነት ግን አይሆንም። የዕለቱን ኮት የሰጠን ይልቁንም የአደን ርስት ኑሮ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ አልበርት በ1852 በደጋው ያለውን የባልሞራልን ርስት ሲገዙ ባለጸጋው ሁሉ ወደ ደጋው ጎረፈ፤ ትዊድ የሚባለው ሸካራ የሱፍ ጨርቅ ከቀንድ ቁልፍ ጋር የቀን ልብስ ሆነ፣ አርጋይል የሚባለው አጭር ኮትም በዚህ መንገድ ተለመደ። ለማታ የሚለበሰውና ከኋላው አጭር ጅራት ያለው ፕሪንስ ቻርሊ ግን በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተስፋፋ ነው። ስሙን ያገኘበት የያቆባውያኑ መሪ ልዑል ቻርልስ የሞተው በ1788 ስለሆነ ኮቱን በዓይኑም አላየው። ለእኔ ይህ ነውር አይደለም፤ ነጋዴ ስም ያወጣል፣ ልብስ ሰፊ ደግሞ ቅድ ያወጣል።

አርጋይሉን ቀረብ ብሎ ላየው ልዩነቱ ይገባዋል። የተራ ሙሉ ልብስ ኮት ቅዱ የወጣው ለሱሪ ነው። ኪልት ግን ከዳሌ በላይ፣ እምብርት አካባቢ ይታሰራል፤ ሰባት ሜትር ያህል የሚሆነው ሱፍ ሽንሽኑ በሙሉ ከኋላ ይከመራል። በዚህ ላይ ተራ ኮት ሲደረብ ኪሶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ የኋላው ስንጥቅ አፉን ይከፍታል፣ ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የሚባለው ቦርሳ ይሸፈናል። በአርጋይሉ ላይ የፊቱ ሁለት ጫፎች ከቁልፉ በታች ወደ ጎን እየሸሹ ይከበባሉ፣ ኪሶቹም ወገቡም ከተለመደው ከፍ ይላሉ። በጣም ካጠረም ሌላ ጣጣ አለው፤ በኮቱና በኪልቱ መካከል ሸሚዝ ብቅ ይላል። ፊቱ የማይቆለፈው ፕሪንስ ቻርሊ ያለ ሰደርያ የማይለበሰውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ትርፍና ጉድለቱ የሚለካው በጣት ነው፤ በደረት ስፋት ብቻ ተመድቦ የሚከራይ የሠርግ ኮት ይህን ልክ ቢስት አይደንቅም።

“ያገለገለ የትዊድ ኮት ገዝቶ ታችኛውን መቁረጥ አይበቃም?” የሚሉ አሉ፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። መቀስ ግን ርዝመቱን እንጂ ሌላውን አያስተካክልም። ኪሱ ዝቅ ብሎ የተሰፋ ኮት ከኪሱ በታች እንጂ በላይ አይቆረጥም፤ የቁልፉም ቦታ እዚያው ይቀራል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ኪሱና ቁልፉ ከመነሻው ከፍ ያለ ኮት መርጦ ይሠራበት ይሆናል፤ ምርጫው ራሱ ግን ቅዱ ወሳኝ መሆኑን ያሳያል።

የሚከብደው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። ዛሬ ኪልትን ከሹራብ ጋር የሚለብስ ወጣት ብዙ ነው፤ ታዲያ ስለ ኮት ሕግ ማውራት የሽማግሌ ንዝንዝ አይሆንም? የማዕረግ፣ የቀንና የማታ ደንብ ቢረሳ እኔም አላለቅስም። ልብ ብሎ ላየው ግን ሹራቡ ያማረው ወገብ ላይ ስለሚሰበሰብ ነው፤ ደንቡን የጣሰ የመሰለው ልጅ ልኩን ጠብቋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ካኪ ኮት በገፍ ሲመረት፣ ጌጥ ሁሉ ተራግፎ፣ ስፖራኑ ቀርቶ፣ ኪልቱ ራሱ በካኪ ሽርጥ ተሸፍኖ ሳለ፣ የደጋው ክፍለ ጦሮች የኮታቸውን የፊት ጫፎች አክብበው ይቆርጡ ነበር።