ቴፕና ዋጋው በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ ለመዲናዪቱ ገበያ ቅርብ በመሆናቸው ሬዲዮ፣ ሸክላ ማጫወቻና ቴፕ በየዘመኑ ደርሰዋቸዋል፤ በመሣሪያው የሚደመጠው ነገር ግን ከመሣሪያው እኩል ስላልተሻሻለ፣ ውድ ዕቃ ለዋጋው መመጠን አለመመጠኑ እንደ ዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል።

ዋጋና ጥራት በግልጽ የተገናኙት በሬዲዮ ዘመን ነበር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1935 በአቃቂ ከተቋቋመ በኋላ፣ በተለይም አምቦ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከሩቅ አገር ዜና መስማት የሚሻ ሰው የሚመካው በአጭር ሞገድ ነበር፤ ይኸውም ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ነጥሮ ወደ ምድር የሚመለስ፣ በዚህም ምክንያት እንደ ሰዓቱ የሚደክምና የሚበረታ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ርካሹ ሬዲዮ ተጠጋግተው የሚያሰራጩ ጣቢያዎችን አደባልቆ ሲያሰማ ጥሩው ስለሚለያቸው፣ ለእርሱ የተከፈለው ብር ከንቱ አልነበረም።

ሸክላም በራሱ መንገድ ጥሩ ማጫወቻ ይፈልግ ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ እገዳውን ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን በማቋቋም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከሩትን ትንንሽ ሸክላዎች ማሳተም ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን የሚይዘውን ይህን ሸክላ ከባድ መርፌ ሲቦረቡረው የላቀው ማጫወቻ ቀለል ያለ ክንድ ስላለው ያተርፈዋል።

ነገሩ የተገለበጠው በካሴት ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ማግኔታዊ ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚጓዝበት ነበርና ከመነሻው ለንግግር እንጂ ለጥራት የታሰበ አልነበረም፤ ሆኖም በርካሽ ስለሚቀዳ ዘፈንን ከከተማ ወደ ገጠር ያደረሰው እርሱ ነው፤ በኦሮምኛ ዘፈን ስርጭት ረገድ ውለታው በቀላሉ የሚገመት አይደለም። ችግሩ የቅጂ ቅጂ ነበር። ከኦሪጅናሉ ከተቀዳ ካሴት ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ሲቀዳ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ እየተሸረፈ የክሩ ሹክሹክታ እየጎላ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለውን ካሴት ውድ ቴፕ ውስጥ የከተተ ሰው ያገኘው ሹክሹክታውን አጥርቶ መስማት ነበር። በአንጻሩ የማንበቢያውን ራስ፣ ማለትም ክሩ እየነካው የሚያልፈውን ትንሽ ብረት፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ መወልወል የደፈነውን ድምፅ ወዲያው ይከፍተዋል፤ የደከመ የባትሪ ድንጋይ መለወጥም ዘፋኙን ከመጎተት ያድነዋል። ለእነዚህ የሚወጣው ጥቂት ሳንቲም ብዙ መቶ ብር የማይሠራውን ይሠራ ነበር።

ታዲያ ባለሁለት ስፒከሩን ትልቅ ቴፕ ሰው ለምን ገዛ? የሳሎን ቴፕ ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ የሚቀመጥ፣ ለሠርግና ለክርስትና ጎረቤት የሚዋሰው የቤት ክብር ስለነበረ ብሩ የተከፈለው ለጆሮ ብቻ ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ይህም እንደ ጅልነት ሊቆጠር አይገባም። ለቡና ቤትና ለሙዚቃ ቤት ደግሞ ጉዳዩ ንግድ ነበር፤ ደጃፍ ላይ የወጣ ስፒከር ደንበኛ ይጠራልና ጉልበቱ ዋጋውን ይመልሳል።

የአምቦ ተወላጁ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያወጣ ሲዲና ፍላሽ ካሴትን እየተኩት ነበር። በቁጥር የተቀመጠ ድምፅ ፋይሉ እንዳለ እስከተገለበጠ ድረስ መቶኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አያንስም፤ ስለዚህም የቅጂው ድካም ሲቀር ለጥሩ ስፒከር የሚወጣ ገንዘብ እንደገና ትርጉም አገኘ። ከስፒከሩ በፊት ግን ቤቱ ይቀድማል፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ኮርኒስ በሌለው ክፍል የክረምት ዝናብ የዘፈኑን ለስላሳ ክፍል ሁሉ ይውጠዋል፣ ባዶው የሲሚንቶ ግድግዳም ድምፁን እያስተጋባ ያምሰዋልና፣ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኮርኒስ ማሠራትና ወፍራም መጋረጃ መስቀል ከውድ አምፕሊፋየር የበለጠ ድምፅ ያጠራል።