ሞራው ከተነሣ በኋላ

የዛሬው ታሪክ ስለ ዓድዋ አይደለም፤ ስለ ዓይን ነው።

አባቴ የግራ ዓይናቸው ሞራ ከተነሣላቸው 8 ዓመት ሆነ። ያኔ ደስ ብሏቸው ዳዊታቸውን መድገም ጀመሩ። ዘንድሮ ግን ፊደሉ እየተደራረበ አስቸገራቸው። «ሥራው ተበላሽቷል፤ ቀኙን ለማንም አላስነካም» ብለው ቁርጥ አደረጉ። ቀኙን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከዚሁ ሞራ የመጣ ነበር። ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። እንደ ልማዴ ከሥሩ ልጀምር።

ከዓይናችን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። እንደ ኳስ እኩል ካልከበበ፣ እንደ እንቁላል በአንድ በኩል ከጎበጠ፣ ብርሃኑ አንድ ቦታ አይገናኝም፤ ምስሉ ይደራረባል። ይኼ አስቲግማቲዝም ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1801 ችግሩን በገዛ ዓይኑ ላይ አግኝቶ ጻፈው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ኤሪ ደግሞ በ1825 ለግራ ዓይኑ የሚያስተካክል መነጽር አስፈለፈለ።

ኦፕራሲዮኑስ? ድሮ ሞራውን በመርፌ ወደ ዓይን ውስጥ መግፋት ነበር። ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል በ1747 ኮርኒያውን ቀዶ ሞራውን አወጣው። ትልቅ እመርታ ነው፤ ግን የተቀደደ ኮርኒያ ሲድን ቅርጹ ይለወጣል። በኋላ ስፌት መጣ። ልብስ ሰፊ ክሩን ሲያጠብቀው ጨርቁ እንደሚሰበሰብ፣ የጠበቀ ስፌትም ኮርኒያውን ያጎብጠዋል፤ ክሩ ሲላላ ወይም ሲወጣ እንደገና ይለወጣል።

ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 ለንደን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ አስገባ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን በ1967 ሞራውን በአልትራሳውንድ አድቅቆ በጠባብ ቀዳዳ መምጠጥን አመጣ። ሌንሱም የሚታጠፍ ሲሆን፣ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የነበረው ቁስል ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከዚያም በታች ወረደ። በዘመቻ ብዙ ሰው ሲታከም ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ ያለ ስፌት ራሱን የሚዘጋ ዘዴ አለ። የአባቴም እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ከ8 ዓመት በኋላ ምን መጣ? ዕድሜ! በወጣትነት ኮርኒያችን በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ይበልጥ ይጎብጣል፤ ስናረጅ ጉብጠቱ ወደ ጎን ይዞራል። የጃፓን ሐኪሞች የተሠሩና ያልተሠሩ ዓይኖችን ለ10 ዓመት ሲያነጻጽሩ ሁለቱም ወደዚያው አቅጣጫ ሲሄዱ አገኙ። ቢላው ሥራውን ጨርሷል፤ ዕድሜ ግን አልጨረሰም።

አባቴን ለምኜ አስመረመርኳቸው። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ያረጀው የ8 ዓመቱ መነጽራቸው ነው። አዲሱን አድርገው ዳዊቱን ገለጡ፣ ዝም ብለው አንድ ገጽ አነበቡ። «ቀኙስ አባዬ?» አልኳቸው። «ከመስቀል በኋላ እናያለን» አሉኝ። እምቢ አላሉም!

እናንተም ሞራ የተነሣላቸው ወላጆች ካሏችሁ «ተሠርተው የለ» ብላችሁ አትተዉአቸው። ብዥታው ከሌንሱ ኋላ ያለው ሽፋን ደብዝዞም ሊሆን ይችላል፤ እሱ በሌዘር ቶሎ ይስተካከላል። የቱ እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው። መጨረሻ መነጽር የቀየሩት መቼ ነው? ዛሬ ደውላችሁ ጠይቋቸው።