የጭቃ በሬና የሽቦ ትራክተር፦ የአርሲ ደጋ ልጆች መጫወቻ እንደ ታሪክ ምንጭ



በጠረጴዛው ላይ የምታዩትን የጭቃ በሬ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከጓሮዬ ባወጣሁት ጭቃ። ሐሳቤስ በልጅ እጅ የተሠራ አሮጌ በሬ ላሳያችሁ ነበር። በአሰላና በዙሪያዋ ያሉትን ዘመዶቼንና ወዳጆቼን ጠየቅሁ። ሁሉም «እኛም እንሠራ ነበር» አሉኝ፤ አንድ እንኳ ያስቀመጠ ግን አላገኘሁም። የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል፦ ሁሉም የሠራው፣ ማንም ያላስቀመጠው ነገር ታሪክ ሊጻፍበት ይችላልን? መልሴ «ይቻላል» የሚል ነው። እንዲያውም የእነዚህ ደጋማ ቦታዎች የቅርብ ዘመን ታሪክ በመዝገብ ቤት የማናገኘው አንድ ገጽ ያለው በእነዚህ መጫወቻዎች ላይ ነው እላለሁ።

ፈረንሳዊው ፊሊፕ አሪየስ በ1960 እ.ኤ.አ. ስለ ልጅነት ታሪክ የጻፈውን መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ልጅነት በታሪክ ጥናት ውስጥ የራሱን ስፍራ ይዟል። በእኛም አገር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣ ጨዋታ ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። ይሁን እንጂ ገበጣ ሽማግሌዎችም የሚቀመጡበት ጨዋታ ነው፤ ልጅ ብቻ የሚሠራውና የሚያፈርሰው ነገር እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም አላገኘም። የአንድ ልጅ ልጅነት ወደ ታሪክ የሚገባው ብዙ ጊዜ ልጁ አድጎ ስመ ጥር ሲሆን ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ ይሮጥ እንደነበረ ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ በዚያው መንገድ ላይ ሌሎች የእኛ አካባቢ ልጆች ምን ይነዱ፣ ምን ያንከባልሉ እንደነበር ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ በሬው ልመለስ። እኔ የተወለድሁት በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከጭሰኛ ቤተ ሰብ ነው። በሬ የምንሠራው ከብት ስንጠብቅ፣ ወንዝ ዳር ነበር። የሚጣበቀውን ጭቃ እንመርጣለን፤ ጠጠሩንና የሣር ሥሩን ለቅመን በመዳፋችን እናሸዋለን። እግሮቹን አጭርና ወፍራም እናደርጋለን፤ ቀጭን እግር ሲደርቅ ይሰበራልና። ሻኛውን ወደ ላይ እንስባለን፤ ቀንዱን ከስንጥር እንተክላለን። ከዚያም ጥላ ውስጥ እናደርቀዋለን፤ ቶሎ ፀሐይ የመታው ጭቃ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ያስተማረን አዋቂ አልነበረም። በዕድሜ ከእኛ በጥቂት የሚበልጠው እረኛ ነበር፤ ዕውቀቱ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም።

በሬው ብቻውን አይቆምም። ጥንድ ይሆናል፤ ከእንጨት ስንጥር ቀንበርና ሞፈር ይበጅለታል፤ ዳለቻ፣ ጉራቻ፣ ቡሬ ተብሎ ስም ይወጣለታል። እነዚህን ስሞች አማርኛ የሚናገረውም ኦሮምኛ የሚናገረውም ልጅ እኩል ይጠራቸው ነበር። ልብ በሉ፤ በቤቱ አንድ በሬ ብቻ ያለው፣ ለእርሻም ከጎረቤት ጋር የሚቀናጅ ቤተ ሰብ ልጅ በወንዙ ዳር ስምንትና ዐሥር በሬ ያሰማራ ነበር። ስለዚህ መጫወቻ ያለውን ኑሮ ብቻ አይቀዳም፤ የሚመኙትንም ይመዘግባል።

ሴቶች ልጆች በዚያው ጭቃ ድስት፣ ምጣድና ጀበና እያበጁ ዕቃቃ ይጫወቱ ነበር። በኅብረተሰባችን ውስጥ ሸክላ ሠሪ ለረጅም ዘመን ስትናቅ እንደኖረች ታውቃላችሁ። ሆኖም የገበሬው ልጅ ያለ ምንም ኀፍረት ጭቃ ታበጅ ነበር። ንቀቱ በኋላ የመጣ ትምህርት እንጂ አብሮ የተወለደ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ለውጡ ዘመን እንሻገር። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የምንለው፣ በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛ ገበሬ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። የስንዴ ምርት አደገ። ነገር ግን ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ከቀረጥ ነጻ የሚገባውን ትራክተር እየገዙ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኛም ከይዞታው ተፈናቀለ። ይህ በዘመኑ በተደረጉ ጥናቶች ሁሉ የሠፈረ ጉዳይ ነው። ጥናቶቹ ሔክታሩን፣ ኩንታሉን፣ የተፈናቀለውን አባወራ ቆጥረዋል። ልጆቹ በዚያ ጊዜ ምን ይሠሩ እንደነበር ግን መቁጠር ሥራቸው አልነበረም።

እኔ የማስታውሰውን ልናገር። ትራክተሩ ወደ እኛ አካባቢ በመጣበት ዓመት ታላቅ ወንድሜ የጭቃ በሬ መሥራት አቆመ። ከአጥር የወደቀ ሽቦ አጣመመ፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ሞተር አደረገለት፤ ከተጣለ በረባሶ ጎማ ቆርጦ ሁለት ትልቅ የኋላ እግርና ሁለት ትንሽ የፊት እግር አበጀለት። ረጅም መሪ ነበረው፤ ቆሞ እየነዳ በአፉ ድምፁን ያሰማ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተከተልነው። አንድ ቀን ማታ አባቴ ደጃፍ ላይ ያቺን ትራክተር አየና ለረጅም ጊዜ ቆመ። አልተቆጣም። «በሬዎቹስ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ወንድሜ፣ «ፈርሰዋል» አለው። በዓመቱ እኛም ያን መሬት ለቀቅን።

ይህን የማወራችሁ ለማሳዘን አይደለም። አባታችንን የሚያስለቅቀውን መኪና እኛ ወደድነው፤ ይህም እውነት ነው። የአንድ ዘመን ለውጥ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ለአባት ሥጋት፣ ለልጅ ደስታ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረን ሌላ ምን ሰነድ አለን? ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላም ታሪኩ በዚሁ ቁም ነገር ይቀጥላል። የመንግሥት እርሻዎች ሲስፋፉ የሽቦው ትራክተር የሽቦ ኮምባይነር ጨመረ። አዲስ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር፣ ብዙም ሳይቆይ በልጆች እጅ ተሠርቶ ይታይ ነበር።

በዚህ ስፍራ ግን እንደ ታሪክ ተማሪ መጠንቀቅ ይገባናል። አንደኛ፣ የእኔ ትዝታ የአንድ ቤት ምስክርነት ነው፤ ከአንድ ምስክር ታሪክ አይጻፍም። ሁለተኛ፣ ከብት የሚመስል ጭቃ ሁሉ መጫወቻ አይደለም። በኢንደስ ሸለቆ፣ በሞሄንጆ ዳሮና በሐራፓ፣ ከ4000 ዓመት በላይ ያስቈጠሩ የሸክላ በሬዎችና ጋሪዎች ተገኝተዋል፤ የልጆች መጫወቻ ናቸው ወይስ የሥርዓት ዕቃ በሚለው ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እነዚያ እሳት ስለ ገቡ ቆዩ፤ የእኛዎቹ በፀሐይና በጥላ ብቻ ስለ ደረቁ የመጀመሪያው ክረምት ወደ አፈርነታቸው መለሳቸው። እኛ ግን ከሐራፓ ሊቃውንት አንድ ብልጫ አለን፤ ሠሪዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉና ልንጠይቃቸው እንችላለን። ይህ ዕድል የሚቆየው እነርሱ እስካሉ ድረስ ነው።

ሦስተኛ፣ የድሮውን ልጅነት አናስውበው። የጭቃ በሬ የሠራው ልጅ ትምህርት ቤት መዋል ሲገባው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ዛሬ ከገበያ የፕላስቲክ መኪና የተገዛለትን ልጅ «ባህሉን ረሳ» ብለን የምንወቅስበት ምክንያት የለም። የእኔ ጥያቄ ልጆቹ ወደ ጭቃው ይመለሱ የሚል አይደለም፤ እኛ የነበረውን እንመዝግብ የሚል ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ እሰጣለሁ። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁንና ወላጆቻችሁን «በልጅነታችሁ ምን ትጫወቱ ነበር?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ጭቃና ሽቦ አቅርቡላቸው፤ ይሥሩላችሁ። አፍ የረሳውን እጅ ያስታውሳልና። የሠሩትን ፎቶ አንሡ፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ምን ይባል እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት መሥራት እንዳቆሙና ለምን እንዳቆሙ ጻፉ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ እኔም አባቴን ያልጠየቅሁት እርሱን ነው።

ወንድሜ ባለፈው ወር ስለዚህ ገለጻ ስነግረው ሽቦ አምጣልኝ አለኝ። ወስጄለታለሁ። ተሠርቶ ሲያልቅ ከዚህ በሬ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።