የካማሺ ክረምት፦ ዶማ፣ ፍየልና የቆላ ዝንብ

በካማሺ የጉሙዝ ቤተሰብ ክረምት መግባቱ የሚታወቀው በሬ ሲጠመድ ሳይሆን ፍየል ሲታሰር ነው። በጋውን ሙሉ እንዳሻቸው ሲቀነጥሱ የከረሙት ፍየሎች፣ ማሽላው ከመሬት ብቅ ካለ ጀምሮ በገመድና በችካል ይያዛሉ። ገመዱ የሚፈታው አዝመራው ተሰብስቦ ሲያበቃ ነው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ያለው የቤቱ ሥራ በአብዛኛው በዚህች ገመድ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ካማሺ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሦስት ዞኖች አንዱ ነው። በሰሜን አባይ ከመተከል ይለየዋል፤ በደቡብና በምሥራቅ ከኦሮሚያ ጋር ይዋሰናል። አገሩ ቆላ ነው፤ ሽመልና ረጅም ሣር የለበሰ ገደላማ መሬት፣ መካከሉን ዴዴሳና ሌሎች የአባይ ገባሮች የሰነጠቁት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆጥሩታል። የካማሺ ዝናብ ግን ይህን ልክ አያውቅም፤ ሚያዝያ ማብቂያ ወይም ግንቦት ላይ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ እዚህ ክረምት ማለት የዓመቱ ግማሽ ነው።

በሬ ለምን ታጣ? መልሱ ዝንብ ነው። የቆላ ዝንብ ከአንዱ እንስሳ ደም ሲመጥ የወሰደውን ጥገኛ ተሐዋስ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፤ በሽታው ገንዲ ይባላል። ገንዲ የያዘው ከብት እየበላ ይከሳል፤ ጸጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ይቀጥናል፣ ላሟ ታስወርዳለች፣ በሬው ቀንበር ሥር ይወድቃል። ዝንቡ በበጋ የሙቀቱን ኃይል ሸሽቶ በወንዝ ዳር ጥላ ይሰበሰባል። ዝናብ ጥሎ ቅጠሉ ሲለመልም ግን ወደ ሜዳው ይበተናል። ደገኛው በሬውን አጥብቆ በሚፈልግበት ወቅት ቆላው ለበሬ ከመቼውም ይልቅ የማይመች ይሆናል ማለት ነው። ፍየል በገንዲ ጨርሶ አትያዝም ባይባልም እንደ ከብት ቶሎ አትወድቅም፤ ቁጥቋጦ እየቀነጠሰች ማደሯም ለዚህ አገር ይስማማል። ከበግም ቢሆን በስተሰሜን በመተከል በኩል የሚታወቀው የጉሙዝ በግ የቆላ ዘር ነው። የደጋው በግ ላት ሲኖረው እሱ ጭራው ቀጭንና ረጅም ነው።

የጉሙዝ እርሻ የዶማ እርሻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጫካው በበጋ ተመንጥሮ ይቃጠላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ማሽላና ዳጉሳ ይዘራል፤ ሰሊጥ ዘግየት ብሎ ይከተላል። ጥቂት ዓመት ከታረሰ በኋላ ማሳው እንዲያርፍ ይተዋል፤ ቤተሰቡም ሌላ ይመነጥራል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ልማድ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ሲያዩት ኖረዋል። ነገር ግን በሬ በማይቆምበት፣ ፍግም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር መሬትን አሳርፎ ከማልማት የተሻለ ዘዴ ማግኘት ቀላል አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ የከብት ደስታ በሽታ የደጋውን በሬ ፈጅቶ ማሳውን ጦም ሲያሳድር፣ ዶማ ከዚህ ዓይነቱ ጥፋት ነጻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በሬ በመታጣቱ ከዝንቡ ሌላ የሰውም እጅ አለበት። የነቀምቱ ገዥ ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ለምኒልክ ከገቡ፣ ራስ መኰንንም በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ፣ በአባይና በዴዴሳ ሸለቆ የሚኖረው ሕዝብ ለደጋው ገዥዎች ገባር ሆነ። ከግብሩ የከፋው የባሪያ ፍንገላው ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1916 ዓ.ም. የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ ቢያወጣም ፍንገላው ወዲያው አልቆመም፤ የመጨረሻው እገዳ የታወጀው ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚህ ፍርሃት ውስጥ የኖረ ቤተሰብ ንብረቱን ቀላል ማድረጉ አያስገርምም። ፍየል በሰዓታት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ገደል ትወርዳለች፤ ዶማ ትከሻ ላይ ይሰቀላል፤ ዶሮ በቅርጫት ይያዛል።

ወደ ዕለቱ ሥራ ስንመለስ፣ የክረምት ጠዋት በጋጥ ይጀምራል። ፍየል ዝናብ ትጠላለች፤ እርጥብ ሣርም አይስማማትም። ስለዚህ ጤዛው እስኪረግፍ ጋጥ ውስጥ ትቆያለች። ከዚያ ከማሳ ራቅ ባለ ቁጥቋጦ ሥር ትታሰራለች፤ ዙሪያዋን ስትጨርስ ችካሉ ይነቀልና ሌላ ቦታ ይተከላል። ይህ ሥራ በአብዛኛው የልጆች ነው። ገመዱ ረዝሞ ማሽላ ከነካች ጠብ ይነሣል፤ አጥሮ ግንድ ላይ ከተጠመጠመች ደግሞ ትታነቃለች። ቀኑን ሙሉ የሚዘንብ ከሆነ ቅጠል ተቆርጦ ይመጣላታል። ግልገሎች ጠንካራ እስኪሆኑ ከቤት አይርቁም፤ እናታቸው ስትመለስ ይጠባሉ።

የጋጡ ወለል ሌላው ጭንቀት ነው። ጭቃና ሽንት የተቀላቀለበት ወለል ላይ ያደረች ፍየል ሰኮናዋ ይቆስላል፣ ታነክሳለች። ስለዚህ ፍጉ ይጠረጋል፣ ደረቅ ሣር ይነሰነሳል። የጋጡ ግድግዳ ከሽመል ይሠራል፤ ጅብና ነብር የሚደፍሩት ክፍተት እንዳይኖር ይጠብቃል። ማታ እሳት ይነዳል፤ ጭሱ ትንኝና ዝንብ ያባርራል። ውሻ ለአደንም፣ ለማሳ ጥበቃም፣ ለጋጡም ያገለግላል።

ዶሮ የሴቶች ሀብት ናት። ክረምት ሲገባ ፈንግል ይመጣል፤ አንዲት ዶሮ ስታንቀላፋና አረንጓዴ ስትቀዝን ከታየ በጥቂት ቀን የመንደሩ ቆጥ ባዶ ሊቀር ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ የሚያድነው ቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ግን ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ስለሚፈልግ መንገድ በጎርፍ በሚቆረጥበት ወር ወደ ቆላ ማድረስ ያስቸግራል።

ከእንስሳቱ ይልቅ ጉልበት የሚበላው አረሙ ነው። ማሽላውና ዳጉሳው በዶማ ይኮተኮታል፣ በእጅ ይታረማል፤ አንድ ቤት ብቻውን ስለማይወጣው ጎረቤት ይጠራል፣ የጠራው ቤት ጠላ ያዘጋጃል። በዚህ መሐል ጎተራው ይጎድላል። ሐምሌና ነሐሴ የምግብ እጥረት ወራት ናቸው፤ ሴቶች የሽመል ቡቃያ፣ እንጉዳይ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ከጫካ ይለቅማሉ። የለቀሙትን የሚሸከሙት ጫፍና ጫፉ ላይ ሸክም በተንጠለጠለበት አንድ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ትከሻ ላይ ተጋድሞ ሁለቱ ሸክሞች ይመዛዘናሉ። ጓሮ የተዘራው በቆሎ እሸት ሲያፈራ ጭንቁ ይቀላል።

እህሉ ማፍራት ሲጀምር ደግሞ ጥበቃ ይመጣል። በማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ቀን ዝንጀሮና ወፍ፣ ሌሊት ጃርትና ከርከሮ ይጠበቃል። ወንጭፍ የያዙ ልጆች ከማለዳ እስከ ምሽት ማማው ላይ ይውላሉ። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ በመሆኑ ይህ ጥበቃ ከትምህርት ቤቱ ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

በሬ ወደዚህ አገር በስፋት የገባው በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች በአሶሳ፣ በመተከልና በወለጋ ቆላ ሲሰፍሩ፣ ካማሺ ራሱ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። በሬ የለመደው ገበሬ በሬውን ይዞ፣ ወይም ፈልጎ፣ መጣ። በጉሙዝና በጎረቤቱ መካከል ሚቹ በሚባለው የወዳጅነት ትስስርም መሬት ያለው መሬቱን፣ በሬ ያለው በሬውን አዋጥተው የጋራ እርሻ ማረስ የተለመደ ሆነ። በሬው እንዲቆም ያስቻለው ግን መርፌ ነው። ዲሚናዚን የታመመውን ያክማል፤ አይሶሜታሚዲየም ለጥቂት ወራት ይከላከላል። ይህ ለቤተሰቡ አዲስ የክረምት ሥራ ጨመረለት፦ የበሬውን ጸጉርና ዓይን ማየት፣ ለመርፌ ገንዘብ ማግኘት፣ ከብቱን ወደ ክሊኒክ መንዳት። መድኃኒቱ በግምትና በጎዶሎ መጠን ሲሰጥ ተሐዋሱ ይለምደዋል፤ በመተከል ይህ በጥናት ታይቷል። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ዝንቡን በወጥመድና በመርዝ በተነከረ ጨርቅ የማጥፋት ሥራ ተሠርቷል። ጨርቁ ሰማያዊና ጥቁር የሚሆነው ዝንቡ እነዚህን ቀለሞች ስለሚከተል ነው።

ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በካማሺና በወለጋ ወሰን የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ሰው አፈናቅሏል። የክረምት ሥራ በሰዓቱ ካልተሠራ ዓመቱን ሙሉ አይካስም፤ ግንቦት ላይ ያልዘራ ኅዳር ላይ የሚያጭደው የለውም። ጋጡን ትቶ የሸሸ ሰው ሲመለስ ከፍየልና ከዶሮ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ፍየል ካገኘ ግልገል ቶሎ ይበዛለታል፤ ጥማድ በሬ ለመተካት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ዝናቡ ጥቅምት ላይ ሲያባራ ሣሩ ይደርቃል፣ ዝንቡም ወደ ወንዝ ዳር ይመለሳል። ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ በቆመው የሽመል ጎተራ ይገባል። ጎተራው ከመሬት የሚነሣው ምስጥ፣ አይጥና እርጥበት እንዳይደርሱበት ነው። ከዚያ ችካሎቹ ይነቀላሉ፤ ፍየሎቹም ወደ ቃርሚያው ማሳ ይለቀቃሉ።