ተጭኖ መልቀቅ፦ ኪቦርድ የሙዚቃ መሣሪያ የሆነበት ታሪክ

ኪቦርድ የሚባለው የኮምፒውተር የቁልፍ ሰሌዳ ሲፈጠር የታሰበለት ሥራ ጽሕፈት ነው፤ በጽሕፈት ደግሞ ቁም ነገሩ የትኛው ፊደል ከየትኛው ቀድሞ ተመታ የሚለው ቅደም ተከተል እንጂ፣ ጣት በቁልፉ ላይ ምን ያህል ቆየ፣ መቼስ ተነሣ የሚለው ጥያቄ አይደለም። ሙዚቃ ግን ይህን ሁሉ ይጠይቃል፤ ድምፅ የሚጀምርበት ቅጽበት፣ የሚቆይበት ርዝመት፣ የሚያበቃበት ጊዜና አብረውት የሚመቱ ሌሎች ድምፆች ሁሉ የዜማው አካል ናቸውና። ስለዚህ በተለምዶ ሪትም ጌም የሚባሉት፣ ማለትም ተጫዋቹ ሙዚቃውን እየሰማ በስክሪኑ ላይ የሚመጡትን ምልክቶች ተከትሎ በትክክለኛው ቅጽበት ቁልፍ እንዲመታ የሚጠይቁት ጨዋታዎች፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ቤት ኮምፒውተር ሲገቡ የጠበቃቸው ለእነርሱ ያልተዘጋጀ ዕቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቾች የትኛውን ኪቦርድ እንደ መረጡና ለምን እንደ መረጡት ሲመረመር፣ አንድ የጽሕፈት ዕቃ ደረጃ በደረጃ የሙዚቃ መሣሪያ ጠባይ እንዲይዝ የተገደደበት ታሪክ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ጊዜ አንድ ፊደል የሚለው ልማድ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ሠርተው በ1868 የፈጠራ መብት ያገኙበት፣ የሬሚንግተን ፋብሪካም አሻሽሎ በ1874 ለገበያ ያቀረበው የጽሕፈት መኪና፣ ቁልፉ ሲመታ ፊደል የተቀረጸበትን ዘንግ ወደ ወረቀቱ የሚያስወነጭፍ ነበር፤ ሁለት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲመቱ ዘንጎቹ ተጠላልፈው ስለሚያያዙ፣ ጸሐፊው አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን እንዳይነካ መኪናው ራሱ ያስተምረው ነበር። ዘንጉ ቀርቶ ኤሌክትሪክ ሲተካም ገደቡ መልኩን ቀይሮ ቀጠለ። መቶ ገደማ ለሚሆኑ ቁልፎች ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሽቦ መዘርጋት ውድ በመሆኑ፣ ሠሪዎች ሽቦዎቹን እንደ ሸማ ድርና ማግ በቁመትና በአግድም አቋርጠው ቁልፎቹን በመገናኛዎቹ ላይ አስቀመጡ፤ በኪቦርዱ ውስጥ ያለው አነስተኛ መቆጣጠሪያም ረድፎቹን ተራ በተራ በፍጥነት እየፈተሸ የትኛው መገናኛ እንደ ተያያዘ ይለያል። ነገር ግን የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ላይ ያሉ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ፣ ኤሌክትሪኩ በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ያልፍና ማንም ያልነካው አራተኛው ጫፍም የተጫነ ያስመስለዋል፤ ይህ የሌለ ቁልፍ ምልክት በባለሙያዎች ዘንድ ጎስቲንግ ይባላል። መፍትሔው ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ማስገባት ነው፤ ይህ ወጪ ስለሚጨምር ግን ብዙዎቹ ሠሪዎች ሦስተኛው ቁልፍ አጠራጣሪ ሲሆን መቆጣጠሪያው እንዳላየ እንዲያልፈው ማድረግን መረጡ።

ጸሐፊ በዚህ አልተጎዳም። የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ሲጻፍ እንኳ፣ ተነባቢውን አስቀድሞ አናባቢውን አስከትሎ በመምታት ሆሄውን በሚያወጡት አሠራሮች፣ ሁለቱ ምቶች የሚከታተሉ እንጂ የሚገጣጠሙ አይደሉም፤ በመሆኑም በማንኛውም ፊደል የሚጽፍ ሰው የመሣሪያውን ጉድለት ሳያውቀው ዕድሜውን ሊጽፍበት ይችላል። አይቢኤም በ1985 ያወጣውና በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር በሚታጠፈው ሞላው ምክንያት ለጽሕፈት ምቾቱ ዛሬም ድረስ የሚወደሰው ሞዴል ኤም፣ ምቱን የሚቀበልበት ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ዳዮድ ስላልነበረው፣ ከሁለት ቁልፎች በላይ አብረው ሲጫኑ ሁሉንም ለመቀበሉ ዋስትና አልነበረውም። በ1990ዎቹ ሞላው ራሱ ቀርቶ የጎማ ጉልላቶች በንጣፍ ላይ የተደረደሩባቸው ርካሽ ኪቦርዶች ገበያውን ሲሞሉት ነገሩ በዚያው ጸና።

የምት ጨዋታ፣ ማለትም ሪትም ጌም፣ የጎለመሰው በጃፓን ነው። በ1996 መጨረሻ ማሳያ ማትሱራ የፈጠረው ፓራፓ ዘ ራፐር ለፕሌይስቴሽን ሲወጣ የዘውጉን በር ከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት በ1997 ኮናሚ በየጨዋታ ማሽን ቤቱ የተከለው ቢትማኒያ ደግሞ አምስት ቁልፎችና እንደ ዲጄ ሸክላ ማዞሪያ ያለ ክብ ሰሌዳ ይዞ ቀረበ፣ በ1999 የወጣው ተከታዩም ቁልፎቹን ወደ ሰባት አሳደጋቸው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ቁልፉ ለጨዋታው ተብሎ የተሠራ ስለነበር ምርጫ የሚባል ጥያቄ አልተነሣም። ጥያቄው የተነሣው በ1998 ቢኤምኤስ የተባለው ነጻ የፋይል ዓይነት ብቅ ሲል ነው፤ በዚህ አሠራር ማንኛውም ሰው የራሱን ዜማ በቁልፍ ምቶች ከፋፍሎ በመጻፍ በቤቱ ኮምፒውተር መጫወትና ለሌሎች ማካፈል ቻለ። የማሽኑን ሰባት ቁልፎች የሚተካ ነገር ሲፈለግ በላቲኑ ኪቦርድ ላይ የዚ፣ የኤስ፣ የኤክስ፣ የዲ፣ የሲ፣ የኤፍና የቪ ፊደላት ተመረጡ፤ የታችኛውና የመካከለኛው ረድፍ ቁልፎች እየተፈራረቁ ሲነበቡ የፒያኖን ነጭና ጥቁር ቁልፎች ይመስላሉና። ፊደላቱ የቃል ክፍል መሆናቸው ቀርቶ የጣት ማረፊያ ቦታ ሆነው የተቆጠሩት ያኔ ነው።

ጉዳዩ በስፋት የተፈተነው ግን በደቡብ ኮሪያ ነው። በ1997 ከተነሣው የገንዘብ ቀውስ በኋላ በየመንገዱ የተስፋፉት ፒሲ ባንግ የሚባሉ የኮምፒውተር መጫወቻ ቤቶች፣ በሰዓት ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ በፈጣን ኢንተርኔት የሚጫወት ወጣት ትውልድ አፍርተው ነበር፤ በ2003 ኦቱጃም፣ በ2004 ዲጄማክስ ኦንላይን ሲመጡ የተነደፉት ለዚሁ ወጣት፣ በዚሁ ተራ ኪቦርድ ላይ እንዲጫወታቸው ነው። ኦቱጃም ሰባት መስመሮች ነበሩት፤ ሦስቱ በግራ እጅ ጣቶች፣ ሦስቱ በቀኝ እጅ ጣቶች፣ መካከለኛው ደግሞ በአውራ ጣት በስፔስ ቁልፍ ይመቱ ነበር። ዜማው ሲከብድ አራትና አምስት ቁልፎች በአንድ ቅጽበት እንዲመቱ ስለሚጠይቅ፣ ርካሹ ኪቦርድ አንዱን ይውጠዋል፤ ተጫዋቹ በትክክል መትቶ ሳለ ጨዋታው ስቷል ብሎ ነጥቡን ይቀንስበታል። በጽሕፈት ለረጅም ዘመን ያልታየ ጉድለት በአንድ ዘፈን ውስጥ የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው። ተጫዋቾች የየኪቦርዳቸውን ቁልፎች በጥምር እየተጫኑ የትኞቹ እንደማይስማሙ መፈተሽን፣ የማይስማሙትንም በሌላ ፊደል መተካትን ተለማመዱ፤ ኪቦርድን በመልኩ ወይም በስሙ ሳይሆን በውስጡ ባለው የሽቦ አዘረጋግ መርጦ የመግዛት ልማድም በእነርሱ ዘንድ ከዚህ ፈተና የመነጨ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ላይ አሮጌው የፒኤስቱ መሰኪያ ቀርቶ ዩኤስቢ ሲተካ፣ ብዙ ኪቦርዶች የተከተሉት መሠረታዊ የመልእክት ቅርጽ እንደ ሺፍት ያሉትን ረዳት ቁልፎች ሳይጨምር ከስድስት በላይ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ ማስተላለፍ የማይችል ነበር፤ ስድስት ቦታ ያለው መልእክት ለሰባት መስመር ጨዋታ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። የተጫኑት ቁልፎች የቱንም ያህል ቢበዙ ሁሉንም ለይቶ የማሳወቅ ችሎታ፣ ኤን ኪ ሮልኦቨር ተብሎ የሚጠራው፣ ለዚህ ችግር መልስ ሆነ።

ይህን ችሎታ ከያዙት ውስጥ ሜካኒካል የሚባሉት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላና የራሱ ማገናኛ ያለው ስዊች የሚቀመጥባቸው ኪቦርዶች ቀዳሚውን ስፍራ ያዙ። በ1953 በአሜሪካ ተመሥርቶ ኋላ ማዕከሉን ወደ ጀርመን ያዛወረው ቼሪ በ1980ዎቹ ያወጣው ኤምኤክስ የተባለ ስዊች የዘመኑ መለኪያ ሆነ፤ ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ በ2 ሚሊሜትሩ ገደማ ላይም ምቱ ይመዘገባል። ስዊቾቹ በቀለም ይለያሉ፤ ሰማያዊው መሃል ላይ ሲደርስ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ቡናማው ድምፅ ሳያወጣ ጉብ ያለ ስሜት ለጣት ይሰጣል፣ ጥቁሩና ቀዩ ግን ያለ አንዳች እንቅፋት ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ለጸሐፊ ጉብታው ፊደሉ መመዝገቡን የሚያበስር ምልክት ነው፤ የምት ተጫዋች ግን ያንን ብሥራት የሚቀበለው ከሙዚቃው ስለሆነ፣ አንድን ቁልፍ በሴኮንድ ደጋግሞ ለሚመታ ጣት ጉብታ ማለት በየምቱ የሚከፈል ተጨማሪ ድካም ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ወደ ቀዩና ወደ ጥቁሩ ያዘነበሉበት ምክንያት ይህ ነው፤ በቀዩ 45፣ በጥቁሩ 60 ሴንቲኒውተን ገደማ የሆነው ጉልበትም ለየጣቱ ጥንካሬ እንዲመረጥ ዕድል ሰጠ። በ2010ዎቹ የስዊቹ የፈጠራ መብት ዘመን ካበቃ በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን በርካሽ ማምረት በመጀመራቸው፣ ቀድሞ የጥቂቶች የነበረው ዕቃ ተማሪ ሊገዛው የሚችል ሆነ።

ቁልፉ ሲወርድ የነበረው ችግር በዚህ ሲቃለል፣ ሲነሣ የነበረው ችግር ገና አልተነካም ነበር፤ እርሱን ወደ ብርሃን ያወጣው ኦሱ የተባለው ጨዋታ ነው። አውስትራሊያዊው ዲን ኸርበርት ለኒንቴንዶ ዲኤስ በ2005 ከወጣው ከጃፓናዊው ኦሱ ታታካኤ ኦዌንዳን ሐሳቡን ወስዶ በ2007 በነጻ ያሰራጨው ይህ ጨዋታ፣ በአንድ እጅ በማውስ ወይም በሥዕል ሰሌዳ ክቦችን እያነጣጠሩ፣ በሌላው እጅ ዚና ኤክስ የተባሉትን ሁለት ቁልፎች ብቻ እያፈራረቁ መምታትን ይጠይቃል። ሁለት ቁልፍ ብቻ ሲሆን ጎስቲንግ ከቁም ነገር አይገባም፤ ፍጥነት ግን ሁሉንም ይገዛል። በደቂቃ 180 ምት የሚሄድ ሙዚቃ እያንዳንዱ ምቱ በአራት ሲከፈል በሴኮንድ 12 ኖታ ይሆናል፤ ሁለቱ ጣቶች ሲካፈሉት እያንዳንዱ ጣት በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ወርዶ ስድስት ጊዜ መነሣት አለበት፣ ጨዋታው ጥብቅ በሆነበት አሥረኛ ደረጃም ሙሉ ነጥብ የሚገኘው ምቱ ከትክክለኛው ቅጽበት በ20 ሚሊሴኮንድ ገደማ ክልል ውስጥ ሲያርፍ ነው። በተለመደው ስዊች ቁልፉ እንደገና መቆጠር የሚችለው ከተወሰነው ነጥብ በላይ ከተመለሰ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ የደከመ ጣት በቂ ሳይነሣ ሲመታ ምቱ ይጠፋል። በ2012 በተጨመረው ኦሱ ማኒያ በተባለው የመስመሮች ጨዋታ ደግሞ ረጅም ኖታ የሚለቀቅበት ቅጽበት ራሱ በነጥብ ስለሚመዘን፣ ለጽሕፈት ከንቱ የነበረው የጣት መነሣት የጨዋታው ግማሽ ሆነ።

መልሱ የተገኘው ከአሮጌ ዕውቀት ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል በ1879 የደረሰበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ስስ ብረት በማግኔት ፊት ሲቀመጥ በጎንና በጎኑ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል የሚለው ክስተት፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሃኒዌል ሥር በነበረው በማይክሮ ስዊች ድርጅት ወደ ኪቦርድ ገብቶ ነበር፤ የሚነካካ ብረት ስለሌለው ለረጅም ዘመን የሚያገለግል ቁልፍ ቢያስገኝም ውድ ነበርና በርካሹ ንጣፍ ተሸነፈ። ቴክኖሎጂው ለጽሕፈት እጅግ የበዛ ጥራት ነበር፤ ተገቢ ሥራውን ያገኘው ሃምሳ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። በ2016 በኪክስታርተር በሕዝብ መዋጮ የተነሣው ዉቲንግ የተባለ የሆላንድ ድርጅት መጀመሪያ በብርሃን፣ ኋላም በማግኔት የሚሠሩ ስዊቾችን ይዞ ሲቀርብ፣ ቁልፉ ተጫነ ወይስ አልተጫነም ከማለት አልፎ ምን ያህል እንደ ወረደ በየቅጽበቱ መለካት ተቻለ። ራፒድ ትሪገር የተባለው አሠራር የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ቋሚ ነጥብ ቀርቶ ቁልፉ ከደረሰበት ጥልቀት በጥቂቱ፣ 0.1 ሚሊሜትር እንኳ፣ ወደ ላይ ሲመለስ ወዲያውኑ እንደ ተለቀቀ ይቆጠራል፣ ሲወርድም እንደገና እንደ ተመታ። የኦሱ ተጫዋቾች ከቀደምቶቹ ተቀባዮች መካከል ነበሩ፤ የተኩስ ጨዋታ ተጫዋቾችና ታላላቅ አምራቾች ተከትለዋቸዋል። ዛሬ በየማስታወቂያው የሚነገረው ይህ አሠራር ሥሩ ከምት ጨዋታ ጋር የተሣሠረ መሆኑ መመዝገብ ይገባዋል።

ከማስታወቂያዎቹ ጋር ግን የተሳሳተ ግምትም ተስፋፍቷል፤ ፍጥነት ማለት መዘግየትን ማጥፋት ብቻ ነው የሚል። የምት ጨዋታዎች ሁልጊዜ እኩል የሆነን መዘግየት ኦፍሴት በሚባለው ማስተካከያ፣ ማለትም ሙዚቃውንና የምቱን ስሌት በሚሊሴኮንድ በማቀራረብ፣ ያለ ችግር ያርሙታል፤ ሊያርሙት የማይችሉት አንዴ አጥሮ አንዴ የሚረዝመውን መዘግየት ነው። በሴኮንድ 125 ጊዜ ብቻ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ኪቦርድ ምቱን ከዜሮ እስከ 8 ሚሊሴኮንድ ባለ ልዩነት ያቆየዋል፣ ይህም ከ20 ሚሊሴኮንዱ ክልል ሲታይ ቀላል አይደለም፤ በሴኮንድ 1000 ጊዜ የሚናገረው ልዩነቱን ወደ 1 ሚሊሴኮንድ ያወርደዋል፣ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ግን የሰው ጣት ራሱ ከሚያዛንፈው በታች የሆነ ትርፍ ነው። አስተዋይ ገዢ ገንዘቡን የሚያውለው ለዚህ ትርፍ ሳይሆን ለቁልፉ ክብደትና ለጣቱ ስምምነት ነው።

የኦሱ ተጫዋቾች ፍላጎት ኪቦርዱን ራሱን ቆርጦ አሳጥሮታል፤ ከመቶው ቁልፎች እንደ ዚና ኤክስ ያሉ ጥቂቶቹን ብቻ ያስቀሩ፣ በመዳፍ የሚያዙ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማግኔታዊ ስዊቾች የተተከሉባቸው ትንንሽ ሳጥኖች ለሽያጭ ቀርበዋል። በአንዳንዶቹ ቁልፎች ላይ ፊደል አልተጻፈም።